ቅዳሜ ቅዳሜ የምንደኸይበት ቤት

ቱሪስት አልወድም። ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ሲመጣ ካየሁ ዛሬም ወደ ማዶ እሻገራለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች «ምን አድርገውሽ ነው?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እነሱ ብዙም አላደረጉኝም፤ ያደረገኝ ባሌ ነው። እነሱ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው አይተዋል፣ ጽፈዋል፣ ፎቶ አንስተዋል። ስለዚህ ለእነሱም የተረፈ ቂም አለኝ።

ያኔ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። የምንኖረው ኮልፌ፣ ከዋናው የአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአማቴ ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ እዚያው ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባሌ ሹፌር ነው። አማቴ በልጅነታቸው ከደቡብ ምዕራብ መጥተው፣ ቅቤ ነግደው ያንን ግቢ በላባቸው የገዙ፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። ቤታችን የጭቃ ቤት ቢሆንም ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ ነው። ሳሎናችን ውስጥ አራት እግር ያለው ትልቅ ሬዲዮ፣ መስታወት ያለው ቡፌ፣ ሁለት ባለ ክንድ ወንበር፣ የግድግዳ ሰዓትና የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ነበሩ። እያንዳንዱን ዕቃ መቼና እንዴት እንደገዛነው አስታውሳለሁ።

አንዲት ሴት ልጅም ነበረችን። በሰማንያ ቀኗ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ክርስትና አስነሣናት፤ አምስተኛ ወሯን ሳትጨርስ ሳንባዋ ታመመና ሆስፒታል አስተኛናት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። በስድስተኛው ቀን ሞተች። የተቀበረችውም እዚያው መድኃኔ ዓለም ነው። ከዚያ በኋላ ባሌ ዝም አለ። ከሥራ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ግድግዳ ያያል፤ ጠጅ ቤት መዋልም ጀመረ። ሙሉ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ታዲያ ከተማ መሐል ባለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት የቱሪስት መኪና ሹፌር ሆኖ ሲቀጠር ደስ አለኝ። አዲስ ነጭ ሚኒባስ ሰጡት። ፀጉሩን ተቆረጠ፣ መጠጡን ተወ፣ ከእኔ እንግሊዝኛ እየተማረ ማታ ማታ ቃላት ይሸመድድ ጀመር። «ይህ ሐይቅ ነው፣ ይህ ተራራ ነው» እያለ እናቱን እንኳ በእንግሊዝኛ ያስጎበኛቸዋል። አንድ ቀን ድርጅቱ ለእንግዶች የሚያድለውን ባለ ቀለም ወረቀት ይዞ መጣ። ላዩ ላይ «ማንም ያላያት አገር» ተብሎ ተጽፏል። አነበብኩለት።

«ማን ነው ያላያት?» አልኩት። «እኛ የምንኖርባት ሰዎች አናያትም እንዴ?»

ሳቀ። «እነሱ ናቸዋ ያላዩአት። ወዳጆቻቸው ሁሉ የሚሄዱበት አገር ሰልችቷቸው፣ ስሙን ሰምተን የማናውቀው ቦታ ሄደን እንረፍ ብለው ነው የሚመጡት።»

እኔም ሳቅሁ። ያኔ አብረን እንስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቅዳሜ እንግዶች አምቦ ፍል ውኃ ወስዶ ሲመለስ አንዲት አሮጊት ሆዷን አመማትና መጸዳጃ ቤት ፈለገች። ኮልፌ ደርሰው ስለነበር ቤታችን አመጣት። የቀሩትም ከመኪና ወርደው ግቢ ገቡ። አማቴ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ፈረንጆቹ እሳቸውንና እንዝርቱን ሲያዩ አበዱ። ተንበርክከው ፎቶ አነሱ። አማቴም የሠርግ ቀን ይመስል ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። ከዚያ ባሌ «ግቡ፣ ቤቴ ነው» አለና ወደ ሳሎን አስገባቸው። ሻይ አቀረብኩ። ሬዲዮውን አዩት፣ ቡፌውን አዩት፤ ካሜራቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። አንዱ ሽማግሌ ለሚስቱ «እኛም ቤት እንዲህ ያለ ሬዲዮ አለ» አላት። ሻዩን በቶሎ ጠጥተው ሄዱ።

ይህን እኔም አይቻለሁ፤ ባሌም አይቷል። የተለያየ ነገር ነው የተማርንበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ብቻውን እየሮጠ መጣ። «ሬዲዮውን እናንሣ» አለኝ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?»

«እንግዶች ይዤ እመጣለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንመልሰዋለን።»

ጎረቤታችን የአንድ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ሚስት ናት። አጥራችን አንድ ነው፤ በመሐሉ ትንሽ በር አለን። ሙስሊም ናት፣ አንደበቷ ፈጣን፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የምትበልጥ፣ እትዬ የምላት ሴት። ሬዲዮውን ተሸክመን በበሩ ስንገባ ደንግጣ ተነሣች። «ሐራጅ ወጣባችሁ እንዴ?» አለች። ባሌ ነገሩን ሲያስረዳት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አስቀምጡት፣ አስቀምጡት፣ እኔም ዜና እሰማበታለሁ።»

በዚያ ቅዳሜ ሬዲዮው ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ቡፌው ተጨመረ። ከዚያ ወንበሮቹ፣ ሰዓቱ፣ መጋረጃው፣ በመጨረሻም መጽሐፎቼ። ሲሚንቶው እንዳይታይ ገለባ ጎዘጎዘበት። ከቤቱ ዕቃ ሳይነካ የቀረው የጃንሆይ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ እሱን ማውረድ ፈራ። አንድ ቀን ደግሞ ወተት ከሚሸጡልን ሰዎች ጥጃ ተውሶ መጥቶ ሳሎኑ መሐል አሰረ። ጥጃዋ ሸናች፤ ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ወለሉን በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ።

አማቴ አልከፋቸውም። እንዲያውም ቅዳሜን ይጠብቁ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው እንዝርታቸውን ይዘው በሰዓቱ ይቀመጣሉ። «ምን አለበት? እንግዳ ማስደሰት ጽድቅ ነው» ይሉኛል።

እኔን ግን ባዶ እግሬን መሆኑ አልነበረም ያንገበገበኝ። ሸማ ቀሚስ ልበሺ አለኝ፣ ለበስኩ። ፀጉርሽን ሸፍኚ አለኝ፣ ሸፈንኩ። እንዝርት ያዢ አለኝ፤ በሕይወቴ ፈትዬ አላውቅም፣ ክሩ በየደቂቃው እየተበጠሰ ያዝኩ። አንዱን ነገር ሲለኝ ነው ደሜ የፈላው።

«እንግሊዝኛ እንዳትናገሪ።»

«ምን?»

«የሚሉትን እንደማትሰሚ ሁኚ። ቋንቋ የምታውቅ ከሆነማ ምን ብለው ያዩሻል?»

«እኔ አስተማሪ ነኝ!»

«ሰኞ እስከ ዓርብ አስተማሪ ነሽ። ለሁለት ሰዓት ዝም ብትዪ ምን ትሆኛለሽ? ቴአትር ቤት ሄደሽ አታውቂም? ተዋንያኑ ሲጨርሱ ልብሳቸውን ቀይረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ አይደል? ይኸው ነው።»

ለምን እሺ አልኩ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሰውየው ከሞት የተነሣ ያህል ነበር። እንግዶቹ ሲስቁለት ፊቱ ይበራል፤ በምሳ ላይ የሆነውን ሲያወራ እጆቹ አያርፉም። ያ የግድግዳ ማየት ዓመት እንዳይመለስብኝ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንዲህ ሆኜ ከአንድ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ደንቆሮ ሆንኩ። ስለ እኔ ፊቴ ላይ የሚወራውን ሁሉ እሰማለሁ። «ስንት ዓመቷ ይሆን?» «ጥርሷ እንዴት ነጭ ነው!» «ደስተኛ ትመስላለች፤ ምንም የላትም ግን ደስተኛ ናት።» ይህን የመጨረሻውን ያላለ ቡድን አልነበረም። የባሌም ተረት በየሳምንቱ እያደገ ሄደ። መጀመሪያ «ከገጠር ነው ያመጣኋት» አለ። ከዚያ «ለአባቷ ሦስት ላም ሰጥቼ» አለ። ኋላ ላሞቹ አምስት ሆኑ። አባቴ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ላም ቢሰጡት የት እንደሚያስራት አያውቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ እንጣላለን። በየሳምንቱ፣ ሳይጓደል።

«አምስት ላም? አባቴ ቢሰማህ ምን ይልሃል?»

«አባትሽ የት ሆኖ ይሰማኛል? ወሬ ነው። ለእነሱ ወሬ፣ ለእኛ ሥራ።»

«እኔ እኮ እሰማሃለሁ።»

«አትስሚ!»

ዕቃውን ስንመልስ እትዬ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር፤ ኋላ መሳቅ ተወች። አንድ ቅዳሜ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ይሄ ነገር ደግ አይደለም። ሰው ያለውን ይሰውራል፣ ይገባኛል፤ ቀረጥ ፈርቶ፣ ሌባ ፈርቶ። ራሱን የሚሰውር ግን አላየሁም» አለችኝ።  መጽሐፎቼን ታቅፌ ተመለስኩ።

ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ፣ ግቢያችን ገና አረንጓዴ ሳለ፣ በአንድ ቅዳሜ አራት ሰዎች ይዞ መጣ። ሁለቱ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስተኛው ካሜራ የያዘ ረጅም ሰው ነው። አራተኛዋ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ ትንሽ ደብተር ይዛ ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች። እኔና አማቴ ገለባው ላይ ተቀምጠን እንፈትላለን። ባሌ እንደ ወትሮው መሐል ቆሞ ያስረዳል።

ባለ መነጽሯ እኔን በእርሳሷ እያመለከተች «ልጆች አሏት?» ብላ ጠየቀችው።

እጄ ቆመ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ሲጠይቁት «ገና ናት» ብሎ ነበር የሚያልፈው። የዚያን ቀን ግን ሲያስብ አየሁት። ምን እንደሚያስብ አላወቅሁም፤ ያዘነ መስሎኝ እንዲያውም አሳዘነኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞተችባት። እዚህ ሐኪም የለም። ልጅ ሲታመም ጠንቋይ ዘንድ ነው የሚወስዱት። ጠንቋዩ ቅጠል ሰጣት፤ ልጅቷ ሞተች። እናቲቱ በገዛ እጇ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረቻት። እዚያ፣ ከዛፉ ሥር።»

በመስኮቱ ወደ ግቢያችን የኮክ ዛፍ አመለከተ።

አሮጊቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባለ መነጽሯ በፍጥነት ትጽፋለች። ረጅሙ ሰው ተነሥቶ ወጣ። የት ሊሄድ ነው ብዬ በመስኮቱ ተከተልኩት። በኮኩ ዛፍ ፊት ቆመ፣ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ ሥሩን ፎቶ አነሣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በቅርበት ደገመ።

ተነሣሁ። እንዝርቱ ከእጄ ወድቆ ተንከባለለ። ባሌ በአማርኛ «ተቀመጪ» አለኝ፣ ፈገግታውን ሳይተው።

አልተቀመጥኩም። ክፍል ውስጥ ልጆች ሲንጫጩ በምናገርበት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል ሳልቸኩል ተናገርኩ። «ልጄ የሞተችው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ኦክስጅን ተሰጥቷታል። የተቀበረችው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቄሶች ፈትተዋታል፣ መቶ የሚሆን ሰው ሸኝቷታል። ይህ ሰው አባቷ ነው። ሬሳዋን ተሸክሞ የሄደው እሱ ነው።»

 ሽማግሌው ወደ ባሌ ዞረ። ባሌ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ።

መጀመሪያ የተናገረችው ባለ መነጽሯ ናት። «እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«አስተማሪ ነኝ።»

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ የምንለውን ትሰሚ ነበር?»

«ሁሉንም።»

ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ፊቷ ተቆጣ። «ይህ ተገቢ አይደለም። አስቀድመሽ ልትነግሪን ይገባ ነበር» አለችኝ።

ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ይህንን ነው። የተበደለችው እሷ ሆና አረፈች። ማንም ያላያት አገር ልታይ ከሩቅ መጥታ፣ ከእሷ ጋር አንድ ቋንቋ የምትናገር ሴት ስላገኘች ተዘረፈች።

«ነይ» አልኳት። «ሁላችሁም ኑ። ቤቴን ማየት ፈልጋችሁ አልነበር? ላሳያችሁ።»

በባዶ እግሬ ቀደምኳቸው። ግቢውን አቋርጬ በትንሿ በር ወደ እትዬ ቤት ገባሁ። ተከተሉኝ፤ ለምን እንደተከተሉኝ አላውቅም፣ ምናልባት ደንግጠው ይሆናል። ባሌም ከኋላ «ምን ማድረግሽ ነው? አበድሽ?» እያለ ይመጣል። እትዬ በእኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ በእኛ ሬዲዮ ዜና እያዳመጠች ነበር። የእኛ ቡፌ ከእሷ ቡፌ አጠገብ ቆሟል፤ ሰዓታችን ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል፤ መጽሐፎቼ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ናቸው።

«ምን ጉድ ነው?» አለች እትዬ።

«ዕቃዬን ላሳያቸው ነው» አልኳት።

ፊቴን አየች። ተነሣችና በጣቷ አንድ በአንድ እያመለከተች በአማርኛ ትነግራቸው ጀመር። «ይሄ የእሷ ነው። ይሄም የእሷ። የተቀመጥኩበትም የእሷ። ይሄ ግን የእኔ ነው፣ እንዳትሳሳቱ።» እኔ ተረጎምኩ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረች። «አንተ! ዕቃህን ዛሬውኑ ከቤቴ አውጣ። ከእንግዲህ ለውሸትህ መጋዘን አልሆንም፣ ወላሂ!» ይህን አልተረጎምኩትም፤ ማንም ቢሆን ይገባዋል።

ረጅሙ ሰው ካሜራውን አነሣ። ከሬዲዮው አጠገብ እንድቆምለት በእጁ ምልክት ሰጠኝ። መዳፌን የካሜራው መስታወት ላይ ለጥፌ ገፋሁት። ወደ ኋላ ተንገዳግዶ «ሴትዮዋ አደገኛ ናት» አለ። አሮጊቷ ግን ስታልፍ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። ባሌ መኪናውን አስነሥቶ ወሰዳቸው።

ወደ ቤት ስመለስ አማቴ ገለባው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ የሆነው ነገር አልገባቸውም፤ መጮኼን ብቻ ነው የሰሙት።

«ምን ሆነሽ ነው እንግዳ ፊት የምትጮኺው? አዋረድሽን እኮ!» አሉኝ።

«ልጅዎ ምን እንዳለ ያውቃሉ?»

ነገርኳቸው። ጠንቋዩን፣ ቅጠሉን፣ ዛፉን፣ አንዱንም ሳላስቀር። እኚህ ሴት ናቸው ያችን ልጅ ሆስፒታል ስድስት ቀን ከእኔ ጋር ያስታመሙት፤ የተገነዘችውም በእሳቸው አዲስ ነጠላ ነው። እየሰሙኝ እንዝርቱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ከኮኩ ዛፍ ሥር አለ?»

«አለ።»

«በመድኃኔ ዓለም?»

«በመድኃኔ ዓለም።»

 ጫማቸውን አድርገው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ባሌ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተመለሰ። በሩን ገና ሲከፍት እኔ ላይ ነው የጮኸው። «እንጀራዬን ዘጋሽው! ቢሮ ድረስ ሄደው ከሰሱኝ። ከእንግዲህ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ነው የማመላልሰው። ደስ አለሽ?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት አማቴ ከጓሮ መጡ። በእጃቸው ዶማ ይዘዋል። ልጃቸው ፊት ቆመው እጀታውን ወደ እሱ ዘረጉ።

«ያዝ» አሉት።

«ምንድን ነው እማዬ?»

«ልጅህን የቀበርክበትን ቆፍረህ አሳየኝ። እኔ ሌላ ቦታ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቼ ይሆናል። ቆፍር።»

«እማዬ፣ ወሬ እኮ ነው። ለሥራ የተባለ ነገር ነው።»

«ቆፍር አልኩህ!»

 እሱ ዶማውን ተቀበለ፣ አየው፣ ወደ ዛፉ አየ። ያለቅሳል ብዬ አሰብኩ። ቢያለቅስ ኖሮ ምናልባት ሌላ ታሪክ እነግር ነበር። ዶማውን መሬት ላይ ወረወረውና «ሁለታችሁም አብዳችኋል» ብሎ ወጣ።

አማቴ ከእኔ ጋር ሆኑ ማለት ግን አይደለም። ከሦስት ቀን በኋላ የሽሮ አተር እየለቀሙ ሳለ ቀና ብለው ሳያዩኝ «እሱ ልጄ ነው፤ ምን አደርገዋለሁ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «አንቺም ብትሆኚ ቀድሞውኑ እምቢ ብትይ ኖሮ እዚህ አይደረስም ነበር። ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ ነው ምላሱን ያስረዘምሽው» አሉኝ። በጣም ተናደድኩባቸው። የተናደድኩት እውነት ስለሆነ ነው።

ፍቺ ጠየቅሁ፤ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ የእትዬ ባል ነው። ባሌ በወዳጅነት ቋንቋ ተናገረ። ሥራ ስለሆነ ነው፣ ክፉ አስቤ አይደለም፣ ከእንግዲህ እንግዳ አላመጣም፣ ትታረቀኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ረኩ። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው» አልኩ። «በእንግሊዝኛ ያለውን እዚህ በአማርኛ ይድገምልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?» አለ ባሌ።

«ለእነሱ ለመንገር ካልከበደህ፣ ለአገርህ ሰው ለመንገር ለምን ይከብድሃል?»

አልቻለም። ሦስት ጊዜ ጀመረ፤ «እንግዲህ እኔ...» ይልና ያቆማል። በመጨረሻ «ረስቼዋለሁ» አለ። እኔ አልረሳሁም፤ ስለዚህ ተርጓሚ ሆኜ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩለት። የእትዬ ባል ጫማውን ማየት ጀመረ። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ «ልጄ፣ ከባድ ነው፤ ግን ይቅር በይው» አሉኝ። ይቅር አልልም አልኩ። ትዕቢተኛ ነሽ ተባልኩ። ትምህርት ያመጣው ነው ተባለ። ይባል።

ዕቃችንን ተካፈልን፤ መጽሐፎቼንና ሰዓቱን ይዤ ወደ ዘነበወርቅ አቅጣጫ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከዚያ እየተመላለስኩ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ሚያዝያ ላይ ፍቺው ተፈጸመ።

በዚያው ዓመት እትዬን ፌርማታ ላይ አገኘኋት። አውቶቡስ እየጠበቅን ስናወራ «ሰውየው ሥራውን መልሶ አግኝቷል» አለችኝ። «ቀራንዮ በኩል ሌላ ቤት ይዟል። ባልና ሚስት ናቸው፣ ልጆችም አሏቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነው የሚያወርዳቸው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እኔ በማግስቱ ሄድኩ። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት፤ ከእኛ ቤት ያነሰ፣ ግን ንጹሕ ነው። ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ልብስ እያጠበች ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ሰውየው ለእንግዶቹ ስለ እሷ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ ምን ሊል እንደሚችል ነገርኳት። የሚለውን እየሰማሁ ልተርጉምልሽ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ ከጓሮ ልቁም አልኳት።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሰማችኝ። ስጨርስ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ጫማዬን፣ ቦርሳዬን፣ ፀጉሬን።

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» አለችኝ። «የሚለውን ካልሰማሁት ምን ያደርገኛል?»

«ስለ ልጆችሽ ቢሆንስ?»

«ልጆቼ ጤነኛ ናቸው። አንቺ የመጣሽው ባልሽን ስላጣሽ ነው፤ እሱም ትመጣለች ብሎ ነግሮናል። በይ ወደ ቤትሽ።»

ክርክር ልገጥማት ስል በሩን ዘጋችው። ከውስጥ ስትወረውረው መቀርቀሪያው ሲጮህ ሰማሁ። ለማንኳኳት እጄን አንሥቼ ነበር። ከዚያ የማርመው የፈተና ወረቀት እንዳለ ትዝ አለኝና ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። በእሷም፣ በእሱም፣ በእነዚያ ሁሉ እንግዶችም እየተናደድኩ በእግሬ ዘነበወርቅ ድረስ ሄድኩ።